ዓሣው የት ነው?

በረዶ በሸፈነው ሐይቅ ላይ ጉድጓድ ቦርቡረው ትራውት የሚያጠምዱ ፈረንጆችን ቪዲዮ አይታችኋል? ከበረዶው ሥር የሚያልፈውን ዓሣ በስክሪን ያዩታል። እኛ ቡሬ ስናድግ እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረብንም፤ ብርብራ ነበረን።

በበጋ ፈጣም ሲጎድል ትልልቆቹ ልጆች የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ረጋ ያለ ውሃ ውስጥ ይበትኑታል። ፍሬው ውስጥ ሮቴኖን የሚባል መርዝ አለ፤ ዓሣው ኦክስጅን መጠቀም ያቅተውና ይንሳፈፋል። ፍለጋ ብሎ ነገር የለም። ትልቁም ጫጩቱም አብሮ ይወጣል። በዓመቱ እዚያው ቦታ ሄደን ባዶ እጃችንን ተመለስን።

ጣና ላይ የሆነው ከዚህ ብዙም አይለይም። ነገደ ወይጦዎች ለዘመናት ከደንገል በተሠራ ታንኳ ዳር ዳሩን ሲያጠምዱ ኖረዋል። ታንኳዋ ርቃ ስለማትሄድ ሰፊው ሐይቅ ለዓሣው መሸሸጊያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 ግን በሆላንዶች ድጋፍ በተጀመረ ፕሮጀክት የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገባ። ለብዙ ሰው እንጀራ ሆነ፤ ይህን መካድ አይቻልም። መሸሸጊያው ግን ቀረ።

የጣና ዓሣ ደግሞ እንደሌላው አይደለም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ወንዝ ስለለየው፣ ላቢዮባርበስ የሚባለው ወገን እዚያው ሐይቁ ውስጥ ከ15 በላይ ወደሆኑ ዝርያዎች ተከፋፍሏል። መንጋጋቸው ጥርስ የለውም፤ ሆኖም ስምንቱ ዓሣ አዳኝ ናቸው። ከእነዚህ ዝርያዎች ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ይወጣሉ። ከመውጣታቸው በፊት ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ዓሣው የት እንዳለ ለማወቅ ስክሪን አያስፈልግም፤ ቀኑንም ቦታውንም ሁሉም ያውቃል። መረቡም እዚያው ይጠብቃል።

ውጤቱ በቁጥር ተመዝግቧል፦ ከ1991 እስከ 2001 ባሉት አሥር ዓመታት የላቢዮባርበስ ክብደት በ75 በመቶ ገደማ ቀነሰ። እነዚህ ዓሦች ቀስ ብለው ነው የሚያድጉት፤ እንቁላል ሳትጥል የተያዘችው ዓሣ ምትክ የላትም።

እኔ ኮድ ጸሐፊ ነኝ፤ ሥራዬ ፍለጋን ማፍጠን ነው። እዚህ ላይ ግን የፍለጋው መፍጠን ራሱ ነው ችግር የሆነው። ለእኔ መፍትሔው ቀላል ይመስለኛል፦ ዓሣው በሚወጣባቸው ጥቂት ሳምንታት የወንዞቹን አፍ መተው።

ባለፈው ጥር ቡሬ ሄጄ ከእህቴ ልጅ ጋር ፈጣም ወረድን። «አጎቴ፣ ብርብራ ላምጣ?» አለኝ። መንጠቆ ሰጠሁት። እስኪመሽ ተቀምጠን አንድም አልያዝንም፤ ግን ውሃው ውስጥ ጫጩቶች አየን።