ያልተጻፈለት ባንድ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት። የታሪክ አስተማሪ ስለሆንኩ ማሳጠር አይሆንልኝም፣ ይቅርታ።

ነገሩ የጀመረው በትምህርት ቤታችን የታሪክ ክበብ ነው። ባለፈው ዓመት ልጆቹን ሰብስቤ "ዊኪፒዲያ ላይ በአማርኛ ያለው ጽሑፍ 15 ሺህ ገደማ ብቻ ነው፤ በእንግሊዝኛ ያለው ግን ከ6 ሚሊዮን በላይ ነው። እስቲ እኛም የድርሻችንን እንጻፍ" አልኳቸው። አንዱ ስለ ከተማችን ወንዝ፣ ሌላው ስለ ገበያው ጻፈ። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ግን በደብተር ወረቀት አራት ገጽ ሙሉ ጽፋ መጣች። ርዕሱ በደርግ ጊዜ በከተማችን ስለነበረው የኪነት ባንድ ነው። አያቷ የባንዱ አኮርዲዮን ተጫዋች ነበሩ።

አነበብኩት። ጥሩ ነው፣ ልብ ይነካል። ከዛ "ይሄ ለኢንሳይክሎፒዲያ አይበቃም" አልኳት።

ልጅቷ ዝም ብላ ቆየችና "ቲቸር፣ የማይበቃው ስላልተጫወቱ ነው ወይስ ስላልተጻፈላቸው?" አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር ከዛ ቀን ጀምሮ ጥያቄው አልለቀቀኝም። ይሄ ጽሑፍ መልስ ፍለጋ ነው።

መጀመሪያ ሕጉ ምን ይላል? የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ አንድ ባንድ የራሱ ገጽ ይገባዋል ወይ የሚለውን የሚለካበት መስፈርት አለው። ከባንዱ ጋር ጥቅም የሌላቸው ሰዎች በታመነ ጋዜጣ፣ መጽሔት ወይም መጽሐፍ ላይ በስፋት ጽፈውለታል ወይ? ዘፈኑ በሀገር አቀፍ የሙዚቃ ደረጃ ሰንጠረዥ ውስጥ ገብቷል ወይ? የወርቅ ሸክላ የሚባለውን የሽያጭ ማዕረግ አግኝቷል ወይ? በትልቅ አሳታሚ ሁለትና ከዛ በላይ አልበም አውጥቷል ወይ? ትልቅ ሽልማት አለው? በራሳቸው የታወቁ ሁለት አባላት አሉት? የአንድ ስልት ወይም የአንድ ከተማ ሙዚቃ ዋና ወካይ ሆኗል? ከነዚህ አንዱን ያሟላ ገጽ ሊገባው ይችላል ይላል። ግን ሁሉም በጽሑፍ ማስረጃ መረጋገጥ አለበት።

አሁን ይሄን መስፈርት ይዘን ወደ ሀገራችን እንምጣ። በካሴቱ ዘመን የሙዚቃ ደረጃ ሰንጠረዥ የሚያወጣ ማን ነበር? ማንም። ስንት ካሴት ተሸጠ ብሎ ቆጥሮ ማዕረግ የሚሰጥስ? የለም። ትልቅ አሳታሚ ብንል የኛ አሳታሚ መርካቶና ፒያሳ ያለ ሙዚቃ ቤት ነበር። ባለቤቱ ራሱ ያስቀርጽ፣ ራሱ ያባዛ፣ ራሱ ይሸጥ ነበር። ስለዚህ ግማሹ መስፈርት እኛ ጋ ሲደርስ ሜዳ ላይ ይቀራል። መለኪያው የተሠራው ሌላ ዓይነት ገበያ ላለው ሀገር ነው።

እሺ፣ ታዲያ የትኞቹ ባንዶቻችን ናቸው ታሪክ ውስጥ የገቡት? እንዴትስ ገቡ?

ከአርባ ልጆች እንጀምር። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የማርሽ ሙዚቃ ሲጫወቱ ሰሙና ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው ሰው ነው። ይሄ ሁሉ የታወቀው ነገሩ የቤተ መንግሥት ጉዳይ ስለነበር ነው። መንግሥት ይጽፋል፣ መዝገብ ይይዛል። ግን አስተውሉ፣ የታወቁት በቡድን ስማቸው ነው። ከአርባዎቹ ልጆች የስንቱን ስም እናውቃለን?

ቀጥሎ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች መጡ። ጥላሁን ገሠሠን ሁሉም ያውቃል። በ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር ጊዜ ክብር ዘበኛው መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክር ጥላሁንም ከታሰሩት አንዱ ነበር። ከኋላው ትራምፔት የሚነፋውን ሰው ግን ማን ያውቀዋል? እሱ ወታደር ነው፣ ደሞዙ የወታደር ነው፣ ስሙም ያለው የወታደር መዝገብ ላይ ነው።

ከዛ የሸክላ ዘመን መጣ። ሸክላ የማሳተም ፈቃድ በሕግ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ተሰጥቶ ሳለ አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት የመጣው ይምጣ ብሎ በ1961 ዓ.ም. የራሱን አሳታሚ ድርጅት ከፈተ። የመጀመሪያው ሸክላ የአለማየሁ እሸቴ ነበር። በስድስት ዓመት ገደማ ውስጥ ከመቶ በላይ ሸክላ አወጣ። አብዮቱ ሲመጣ ሀገር ጥሎ ወጣ። በኋላ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ "ኢትዮፒክስ" የተባለውን ተከታታይ ሲዲ ሲጀምር ዋናው ማዕድን ይሄው የአምሃ ሸክላ ነበር። የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ ከዛ ተከታታይ ወጥቶ በ2005 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ገባ፤ ዓለምም "ኢትዮ ጃዝ" ማለት ጀመረ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ዓለም ያወቀው ሸክላ ያለውን ነው። ሸክላ ያልነበረው፣ በካሴት ብቻ የኖረው ወይም ጭራሽ ያልተቀዳው ከዛ በር አልገባም።

የዋልያስ ባንድን ታሪክ ደግሞ ተመልከቱ። እኔን በጣም ያስተማረኝ እሱ ነው። ዋልያስ በደርግ ጊዜ የአዲስ አበባ ሂልተን ባንድ ነበር። የሰዓት እላፊ ስለነበር እንግዳው ማታ ከገባ እስኪነጋ አይወጣም፣ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። በ1981 (እ.ኤ.አ.) ወደ አሜሪካ ሄዱ፣ ግማሾቹ እዛው ቀሩ። ከቀሩት አንዱ ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ነው። በ1985 (እ.ኤ.አ.) ዋሽንግተን ላይ ብቻውን በአኮርዲዮንና በኪቦርድ አንድ ካሴት ሠራ። ካሴቱ ሀገር ቤት ተሰማ፣ ከዛ ተረሳ። ሰውየው የዋሽንግተን አየር ማረፊያ ታክሲ ነጂ ሆነ።

አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ ያንን ካሴት አገኘው። ባሕር ዳር! እኛ በየቀኑ የምንረግጠው አስፋልት ላይ። ካሴቱ በ2013 (እ.ኤ.አ.) እንደገና ታተመ፣ ትልልቆቹ የውጭ ጋዜጦች ጻፉ፣ ታክሲ ነጂው በአውሮፓና በአሜሪካ መድረክ ላይ ወጣ፣ በ2018 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አልበም ሠራ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ በ1985 እና በ2013 መካከል ካሴቱ ላይ ያለው ሙዚቃ ተለወጠ እንዴ? አንዲት ኖታ አልተጨመረችም። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ሰው ጻፈለት። በሕጉ ሚዛን ከሄድን ያው ካሴት ትናንት "አይበቃም" ነበር፣ ዛሬ "ይበቃል" ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ "ይበቃል፣ አይበቃም" የሚለው ቃል የሚለካው ባንዱን ሳይሆን በባንዱ ዙሪያ ያለውን ወረቀት ነው። ተማሪዬ በአንድ ዓረፍተ ነገር የጨረሰችው እኮ ይሄንኑ ነው።

እንግዲህ ወደ ኪነቱ እንመለስ። የኔ ዕድሜ ያላችሁ በዝና ነው የምታውቁት፣ ታላላቆቻችን ግን ኖረውበታል። በደርግ ጊዜ ቀበሌው ኪነት አለው፣ አውራጃው ኪነት አለው፣ ፋብሪካው ኪነት አለው፣ ክፍለ ጦሩ ኪነት አለው። ዛሬ ስማቸው የገነነ ስንት ድምፃውያን ከዛ ነው የወጡት። የኛ ከተማ ኪነት ክራር፣ ማሲንቆ፣ ከበሮና አንድ አኮርዲዮን ነበረው። በኋላ በመዋጮ ጊታር ተገዛ። ደሞዝ የለም። መስከረም 2 ይጫወታሉ፣ ሚያዝያ 23 ይጫወታሉ፣ መሠረተ ትምህርት ሲመረቅ ይጫወታሉ። በ1983 ግንቦት የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሲዘረፍ መሣሪያውም ወረቀቱም አብሮ ሄደ። ከስምንቱ አባላት ዛሬ በሕይወት ያሉት ሦስት ናቸው።

ይሄን ስሰማ "ሕጉ ይውደም፣ እንጽፈዋለን" ልል ነበር። ግን አንድ ነገር አቆመኝ።

ከልጅቷ ጋር አያቷ ቤት ሄድን። ጋሼ በደስታ ተቀበሉን፣ ቡና ተፈላ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ አወሩን። "እኛ ከአዲስ አበባ በታች የመጀመሪያው ባንድ ነበርን" አሉ። እኔ ዝም አልኩ። በየከተማው ያለ ሽማግሌ ይሄንኑ ነው የሚለው፣ ሁሉም ደግሞ ከልቡ ነው። ወጥተን ስንሄድ ጎረቤት ያሉ እናት ጠሩን። ስለምን እንደመጣን ጠይቀው ሲሰሙ "አዎ፣ ጥሩ ይጫወቱ ነበር። ልጄን ለብሔራዊ ውትድርና ስሸኘው እነሱ እየዘፈኑ ነው መኪና ላይ የወጣው። አልተመለሰም። እስከዛሬ አኮርዲዮን አልወድም" አሉን።

ልጅቷ ደንግጣ አየችኝ። በአራቱ ገጽ ውስጥ ይሄ የለም። አያቷ አልነገሯትም። ዋሽተው አይደለም፤ ሰው የራሱን ታሪክ ሲያወራ እንዲህ ነው። ኪነቱ ሰው አስደስቷል፣ ፊደል እንዲቆጠር ቀስቅሷል፣ ሰው ወደ ጦር ግንባርም ሸኝቷል። ሦስቱም እውነት ነው።

ያኔ ነው ሕጉ ለምን እንደተሠራ የገባኝ። "ከባንዱ ጋር ጥቅም የሌለው ሰው ይጻፍ" የሚለው ንቀት አይደለም። 9ኛ ክፍል ላይ የመጀመሪያ ደረጃ ምንጭና ሁለተኛ ደረጃ ምንጭ ብዬ የማስተምረው ያው ነው። ኢንሳይክሎፒዲያ የመጨረሻው ቤት ነው። መጀመሪያ ምስክር ይሰማል፣ ከዛ ምስክር ከምስክር ይመዘናል፣ ከዛ ይጻፋል፣ ከዛ በኋላ ነው ኢንሳይክሎፒዲያ የተጻፈውን አሳጥሮ የሚይዘው። እኛ መሠረት ሳንጥል ጣራ ልንመታ ነበር። ጣራው ቢወድቅ ጥፋቱ የጣራው አይደለም።

ግን የኔን ጥፋት አልሸፋፍንም። "አይበቃም" ብዬ ወረቀቷን መመለሴ ስህተት ነበር። ማለት የነበረብኝ "ለዚያ ገና ነው፣ ግን ለሌላ ነገር ከበቂ በላይ ነው" ነበር። ሕጉ የሚለው "ገጽ አትክፈት" ነው እንጂ "አትመዝግብ" አይደለም። እኛ ሀገር ግን ሁለቱ ይምታቱብናል። ገጽ የለውም ማለት አልነበረም ማለት ይመስለናል።

እና ምን ወሰንን? የኪነቱን ገጽ ዊኪፒዲያ ላይ አልከፈትንም። በምትኩ ልጆቹ ሦስቱንም በሕይወት ያሉ አባላት ለየብቻ ጠየቁ፣ ድምፃቸውን በስልክ ቀዱ፣ ቀኑንና ቦታውን ጻፉ። እኚያን እናትም በፈቃዳቸው ጠየቁ። ሦስቱ አባላት ባንዱ የተመሠረተበትን ዓመት ሦስት የተለያየ ነገር ተናገሩ፤ ልጆቹ ሦስቱንም ጻፉ፣ አንዱን መርጠው ሌላውን አልጣሉም። አንድ ፎቶ ከነጀርባ ጽሑፉ ተገኘ። አንድ ካሴት ተገኘ፣ ግማሹ ተበልቷል፣ ግማሹ ይሰማል። ሁሉንም በሁለት ቅጂ አድርገን አንዱን ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱን ለወረዳው ባህል ጽሕፈት ቤት ሰጠን። ቀሪው ሥራ ደግሞ አዲስ አበባ ነው። ወመዘክር የድሮ ጋዜጦች አሉ፤ የአውራጃ ኪነት ውድድር ዜና ከተጻፈ እዛ ነው የሚገኘው። በክረምት ለሥልጠና ስሄድ አያለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ።

አንድ ቀን አንድ ተመራማሪ መጥቶ ይሄን አንብቦ ስለ ኪነት መጽሐፍ ቢጽፍ፣ የኛ ባንድ እዛ ውስጥ አንድ ገጽ ቢያገኝ፣ ያኔ ኢንሳይክሎፒዲያው ራሱ በሩን ይከፍታል። ላይሆንም ይችላል። ሁሉም ባንድ የራሱ ገጽ አይገባውም፤ አንዳንዱ "የደርግ ዘመን ኪነት" በሚል ጽሑፍ ውስጥ አንድ መስመር ቢያገኝ ይበቃዋል። እሷ አንዲት መስመር ግን ማስረጃ ትፈልጋለች።

ጋሼ ቅጂውን ስንሰጣቸው ገልጠው የእናትየዋን ቃል አነበቡ። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዛ "ይሄም ይግባ፣ እውነት ነው" አሉ። እኔ በአስተማሪነት ዘመኔ ከዚህ የተሻለ የታሪክ ትምህርት ሰጥቼ አላውቅም፣ እሱንም የሰጡት እሳቸው ናቸው።

እስቲ እናንተም ቤታችሁን ፈትሹ። የአባታችሁ ሳጥን ውስጥ ካሴት ካለ፣ ዩኒፎርም ለብሰው ከነመሣሪያቸው የተነሱት ፎቶ ካለ፣ ጀርባው ላይ ስምና ዓመት ጻፉበት። ሰውየው በሕይወት ካለ ዛሬውኑ ጠይቁት፣ ጎረቤቱንም ጠይቁ። የከተማችሁ ባንድ ማን ይባል ነበር? ማን ምን ይጫወት ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ልጆቹ እያነበቡ ነው።