ከመስጊዳችን ግቢ አሮጌ ዛፍ ለምን ጠፋ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የመስጊዳችን ኮሚቴ ለዚህ መታሰቢያ መጽሔት አንድ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ሲጠይቀኝ ስለ ሶላት ወይም ስለ ዘካ እንድጽፍ የጠበቃችሁ ትኖራላችሁ። እኔ ግን ስለ ዛፍ ልጽፍ መረጥሁ። ምክንያቴም ይህ ነው። ከይጁቤ ተነሥቶ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ ሰው ግራና ቀኙን ቢመለከት፣ በእርሻው መካከል እዚህም እዚያም ተነጥሎ የቆመ ጥቅጥቅ ያለ ደን ያያል። አብዛኛው የአብያተ ክርስቲያናት ግቢ ነው። ጽዱም፣ ወይራውም፣ ዋንዛውም፣ ኮሶውም የተረፈው እዚያ ነው። ከዚያ ውጭ ዓይን የሚያየው ባሕር ዛፍ ነው። ባለፈው ክረምት ከመድረሳችን ልጆች አንዱ፣ «ኡስታዝ፣ የእኛ መስጊድ ለምን እንደዚያ ያለ ዛፍ የለውም? ሃይማኖታችን ዛፍ አይወድም እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ይወዳል እንጂ ልጄ» ብዬ አለፍሁት። መልሱ እውነት ነው፤ ግን ጥያቄውን አልመለሰም። ልጁ ስለ ሃይማኖቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ታሪካችንም ነበር የጠየቀኝ።

በሃይማኖቱ በኩል ያለውን ለመናገር አያስቸግርም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የመዲናን ዙሪያ ሐረም አድርገው ዛፉ እንዳይቆረጥ፣ አውሬው እንዳይታደን ከልክለዋል። ሙስሊም ተክል ተክሎ ወይም ዘር ዘርቶ ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላለት ሶደቃ ሆኖ እንደሚጻፍለት ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ቂያማ ሲቆም እንኳ በእጁ ችግኝ ያለ ሰው መትከል ከቻለ እንዲተክለው ያዘዙበት ሐዲስ ከአነስ (ረ.ዐ.) ተላልፏል። አቡበክር (ረ.ዐ.) ጦራቸውን ወደ ሻም ሲሸኙ ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ እንዳይቆረጥ ማዘዛቸውን ኢማም ማሊክ በሙወጧ ጽፈውታል። ይህን ሁሉ በየኹጥባው ሰምታችኋል፤ አልደጋግመውም።

አንድ ነገር ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። ዓረቦች «ሒማ» የሚሉት የተከለለ የግጦሽ መሬት አለ። ከእስልምና በፊት ኃይለኛው የጎሣ አለቃ ለራሱ ከብት ብቻ የሚከልለው ነበር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ሽረው፣ ክልል የሚከለለው ለአላህና ለመልእክተኛው፣ ማለት ለሕዝብ ጥቅም ብቻ እንዲሆን አደረጉ፤ አን-ነቂዕ የሚባለውንም ቦታ ለሙስሊሞች ፈረሶች ከለሉ። በኋላም ዑመር (ረ.ዐ.) ረበዛን ከልለው ሁነይ የሚባል ነፃ የወጣ ሰው ጠባቂ አድርገው ሾሙበት። የሰጡትን ትእዛዝ ቡኻሪ መዝግቦታል። ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ድሃ አስገባው፤ የዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍንና የዑስማን ኢብን ዐፋንን ከብት ግን አታስገባ አሉት። እነዚያ ከብታቸው ቢያልቅ የተምር አትክልትና እርሻ አላቸው፤ የድሃው ከብት ቢያልቅ ግን ልጆቹን ይዞ የሙእሚኖች አሚር ሆይ እያለ ወደ እኔ ይመጣል ሲሉም ምክንያቱን ነገሩት። እንግዲህ አስተውሉ። እነዚህ ሁለቱ ጀነት የተበሠረላቸው ታላላቅ ሰሓባዎች ናቸው። ሆኖም ክልሉ ሲከለል ዑመር አላፈሩባቸውም። እኛ ዘንድ የቀብራችን ሣር ለማን በሬ እንደሚውል ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ስም አልጠራም።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። የዛፍ ነገር የመሬት ነገር ነው። ወይራ ለልጅ ልጅ የሚተከል ዛፍ ነው። ነገ ልቀቅ ሊባል በሚችል መሬት ላይ ወይራ የሚተክል ሰው የለም። በጎጃም መሬት ርስት ነበር፤ ርስትም በዘር ሐረግ የሚቆጠር ነው። ሙስሊሙ በአብዛኛው ከዚህ ቆጠራ ውጭ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ጎንደር ላይ የተቀመጠው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። እርሻ የተነፈገ ሕዝብ በንግድ፣ በሽመናና በልዩ ልዩ የእጅ ሥራ ኖረ።

የእኛ የይጁቤ ስም በታሪክ የሚነሣውም በዚሁ በንግዱ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት የባሶ ገበያ በደቡብ ጎጃም ከነበሩት ገበያዎች ሁሉ የታወቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ባገራችን የተጓዙት እንግሊዛዊው ቻርለስ ቤክና አንቷን ዳባዲ ስለዚህ ገበያ ጽፈዋል። ከጎንደር በኩል የሚወርደው የጀበርቲ ነጋዴ ከዓባይ ማዶ ከጉዱሩና ከእናርያ ከሚመጣው ጋር የሚገናኘው እዚህ ነበር። ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ ይሸጥ ይለወጥ ነበር። ባሪያም ይሸጥ ነበር፤ በዚህ የተካፈሉት የእኛም ሰዎች ናቸውና ልንደብቀው አይገባም። ነጋዴው ጭነቱን የሚያራግፈው ከሾላና ከዋርካ ጥላ ሥር ነበር። ጥላው የመንገደኛ ሁሉ ነው፤ ዛፉና መሬቱ ግን የሌላ ሰው ነው። በጥላው ሥር ሶላቱን ሰግዶ ይነሣል እንጂ አጥር አያጥርበትም።

ቤተ ክርስቲያኗ ግን መሬት ነበራት፤ ግቢዋም የተከበረ ስለሆነ ምሳር አይገባበትም። ዛፉ የተረፈው በዚህ ነው። ይህን የምለው በምሬት አይደለም። የሰው ወግ ነው፤ ባለመሬት ይተክላል፣ መንገደኛ ይጠለላል። በጣና ላይ የዘጌን ምድር ተመልከቱ። እዚያ በሬ ጠምዶ ማረስ ከጥንት ጀምሮ በገዳሙ ሥርዓት የተከለከለ በመሆኑ ደኑ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ከጥላውም ሥር ቡና ይለቀማል። መሬት ያገኘ ሙስሊም ደግሞ እንዲሁ አድርጓል። በባሌ ድሬ ሼኽ ሑሴን ዘያራ የሚሄደው ሰው በቦታው ዙሪያ ዛፍ አይቆርጥም። ሰዎች በመቃብሩ ስለሚያደርጉት ነገር ዑለማዎች ያላቸው አስተያየት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ ዛፉን በመጠበቃቸው ግን የሚወቅሳቸው ያለ አይመስለኝም።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ እጅግ ብዙ ሙስሊም አደባባይ ወጥቶ፣ ብዙ ክርስቲያን ወገኖቻችንም አብረው ተሰልፈው፣ የእኩልነት ጥያቄ አቀረቡ። ከጥያቄዎቹ አንዱ የመሬት ጉዳይ ነበር። በዓመቱ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። ደርግ በሃይማኖት ላይ ያደረሰውን ሁላችንም እናውቃለን። ሆኖም የጎጃም ሙስሊም ገበሬ ማሳ ቆጥሮ በስሙ መያዝ የጀመረው በዚህ አዋጅ ነውና እውነቱን መመስከር ይገባል። እንግዲህ አንድ ጥድ ለመትከልና ለልጅ ለማውረስ የሚያስችል መሬት ካገኘን ገና 50 ዓመታችን ነው። ለልጁ ልሰጠው ይገባ የነበረው መልስ ይህ ነበር።

ግን 50 ዓመትም ቀላል ጊዜ አይደለም። በ50 ዓመት ወይራ አፍርቶ ወፍ ያስጠልላል። ስለዚህ ካለፈው በደል ጀርባ ብቻ መደበቅ አንችልም። እኛስ በተራችን ምን አደረግን?

እኔ ከማስታውሰው ልጀምር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርሁ። በዘመቻ የተተከለው የገበሬ ማኅበር ደን ጠባቂ ሲያጣ ሰው ሁሉ ምሳሩን ይዞ ወጣ። በብዙ የአገራችን ክፍል እንዲሁ ሆኗል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎን ለጎን ቆረጠ፤ ከእኛ ቤትም አልቀረም፣ እኔ ራሴ ተሸክሜአለሁ። የቤተ ክርስቲያኑን ዛፍ ግን የነካ አልነበረም። የመንግሥት የተባለው በአንድ ሰሞን አለቀ፤ የአላህ ቤት የተባለው ቀረ። ይህን ያኔ አላስተዋልሁትም።

ቀጥሎ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ለአዲስ አበባ የማገዶ ችግር መላ ሆኖ የገባው ተክል ዛሬ የጎጃም ገበሬ ባንክ ሆኗል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የጂኦግራፊ ምሁር ወልደአምላክ በውቀት የጨሞጋን ተፋሰስ አጥንተው ያገኙት ነገር አስደንቆኛል። እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1998 ባሉት ዓመታት በተፋሰሱ በደን የተሸፈነው መሬት አልቀነሰም፤ እንዲያውም በየዓመቱ በ11 ሄክታር ያህል ጨምሯል። የጨመረው ግን ሰው የተከለው ባሕር ዛፍ ነው። የወንዙ ውኃ ደግሞ በዚያው ዘመን እየቀነሰ ሄዷል፤ የበጋው ውኃ ሳይቀር። ዝናቡ ያን ያህል አልቀነሰም። ባሕር ዛፍ ብቻውን ጥፋተኛ ነው አልልም፤ ተዳፋቱ ታርሷል፣ ሣሩ ተግጧል፣ ሰውም በዝቷል። ከጮቄ ተራራ የሚነሣውን ውኃ የምንጠጣ ሰዎች ግን አረንጓዴ ያየነው ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ልናውቅ ይገባናል።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። በ1998 ዓ.ም. በቀብራችን ዳርና ውዱእ ከምናደርግበት ምንጭ በላይ ባሕር ዛፍ እንዲተከል ሐሳብ ያቀረብሁት እኔ ነኝ። ወጣት ነበርሁ፤ ቶሎ የሚደርስ ነገር እፈልግ ነበር። ከሰባት ዓመት በኋላ ተሸጦ የመድረሳው ቆርቆሮ ተመታበት፤ ይህም ኸይር ነው፣ አልክድም። ምንጩ ግን በየዓመቱ እየሳሳ ሄዶ ዛሬ በሚያዝያ ጠብ ጠብ ብቻ ይላል። ከሸማግሌዎቻችን አንዱ ገና ሲተከል «አንተ ልጅ፣ ይህ ዛፍ ከእኛ ቀድሞ ውዱእ ያደርጋል» ብለውኝ ነበር። ሳቅሁ። አላህ ይዘንላቸው፤ ዛሬ እዚያው ቀብር ውስጥ ተኝተዋል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ፣ ማለት አንድ ሊትር በማይሞላ ውኃ ውዱእ እንደሚያደርጉ ለልጆች እያስተማርሁ ምንጩን ያደረቅሁት እኔው ልሆን እችላለሁ።

በሌላው ዓለም ምን እንደተሠራ ብታውቁ መልካም ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በጣልያን አገር በአሲሲ ከተማ የአምስት ሃይማኖቶች መሪዎች ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ መግለጫ ሲያወጡ፣ በሙስሊሞች በኩል ቃሉን የሰጡት የራቢጣው ዋና ጸሐፊ ዶክተር ዐብዱላህ ዑመር ነሲፍ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2015 ደግሞ በኢስታንቡል የሙስሊም ምሁራን ስለ አየር ንብረት ለውጥ መግለጫ አውጥተዋል። መግለጫ ግን ችግኝ አያጠጣም። እኔን የሳበኝ የፔምባ ዓሣ አጥማጆች ነገር ነው። በታንዛኒያ በፔምባ አጠገብ ባለችው በሚሳሊ ደሴት አጥማጆች በፈንጂ እየመቱ ዓሣውንም ዓሣው የሚራባበትንም ድንጋይ ያጠፉ ነበር። የመንግሥት ሕግ አላቆማቸውም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የቁርኣንና የሐዲስ ትምህርት በሰፈራቸው ሲሰጥ፣ የአላህን አማና ማጥፋት እንደሆነ ሲነገራቸው ብዙዎቹ ሰሙ። የሹም ትእዛዝ ያልሰማ ሰው የአላህን ቃል ሰማ።

በአቅራቢያችን ደግሞ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የአብያተ ክርስቲያናት ደኖችን አጥንተው 168 ዓይነት ዛፍና ቁጥቋጦ ቆጥረዋል። ያገኙትም ችግር ከብት ገብቶ ቡቃያውን መብላቱ፣ ትልልቁ ዛፍ ሲያረጅ ተተኪ ማጣቱ ነው። መፍትሔው ሳይንስ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ከእርሻ የተለቀመ ድንጋይ ካብ ነው። ካብ ከተካበ በኋላ መሬቱ ራሱ ያበቅላል። ይህን ከክርስቲያን ወገኖቻችን መማር ነውር የለውም።

በ2011 ዓ.ም. ሐምሌ 22 ቀን በአገራችን በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደተተከለ መንግሥት ሲያስታውቅ እኛም ወጥተን ተክለናል። የእኛ ድርሻ ከቀብሩ በላይ አርባ ችግኝ ነበር። በማግሥቱ ፍየል ገባ። ከአርባው በሁለተኛው ዓመት አራት አገኘን። ማን ይጠብቅ የሚለውን ሳንወስን ማን ይትከል የሚለውን ስለወሰንን ነው።

ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን ነገሩን በሌላ መንገድ ይዘነዋል። የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ከካባቸው ሥር የወደቀ የወይራና የዋንዛ ፍሬ እንድንለቅም ፈቀዱልን። የወይራ ፍሬ ቅርፊቱ ጠንካራ ነው፤ ዝም ብሎ ቢዘራ ብዙው አይበቅልም። ልጆቹ ጫፉን በጥንቃቄ እየሰበሩ፣ ውኃ ውስጥ እያሳደሩ ዘሩት። ዛሬ በመድረሳው ጀርባ ክንድ የሚያክል ችግኝ ቆሟል።

የቀረው የምንጩ በላይ ባሕር ዛፍ ነው። ኮሚቴው ተቆርጦ ይሸጥ በሚለው ተስማምቷል፤ በገንዘቡ ላይ ግን ሁለት ሐሳብ አለ። ሚናራው ይጨረስበት የሚሉ ወንድሞች አሉ፤ ምኞታቸውን አከብራለሁ። የእኔ ሐሳብ ግን፣ በቀብር መሬት ላይ የበቀለ ዛፍ ገቢው ለዚያው ለቀብሩ ቢውል ይሻላል የሚለውን የዑለማዎች አስተያየት ተከትለን፣ ለቀብሩ የድንጋይ ካብና ለአንድ ጠባቂ ደመወዝ ይዋል ነው። ጉቶውም አብሮ ካልወጣ ተመልሶ ያቆጠቁጣልና የጉልበት ሥራው ብዙ ነው። በሬና ጋሪ ያላችሁ፣ በማሳችሁ የተከመረ ድንጋይ ያላችሁ፣ ሰኔ ከመግባቱ በፊት ከጁምዓ ሶላት በኋላ ለኮሚቴው ጸሐፊ ስማችሁን አስመዝግቡ። ከብቶቻቸውን በቀብሩ የሚያሰማሩ ወንድሞችም በዚያው ቀን ቢገኙ፣ ሣሩ እየታጨደ ለማን እንደሚሰጥ አብረን እንወስናለን። የእኔ ድምፅ ላም ላላቸው ባልቴቶች ነው።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።