መንቆረርና አድራሻው

ደብረ ማርቆስ የቀድሞ ስሙ መንቆረር ነው። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ካሠሩ ወዲህ ከተማው በደብሩ ተጠራ። በጎጃም አድራሻ ማለት እንዲህ ነበር፤ ሰው አገሩን ሲጠየቅ የሚጠራው አጥቢያውን ነው።

የኢንተርኔት ስሞችም መዝገብ አላቸው። መዝገቡን ለብዙ ዓመታት የያዘው አሜሪካዊው ጆን ፖስቴል ለአገሮች ስም አላወጣም፤ ከዓለም አቀፉ የአገሮች ዝርዝር ሁለት ሁለት ፊደል ተዋሰ እንጂ። አገር የሆነውንና ያልሆነውን መለየት የመዝገቡ ሥራ እንዳልሆነ በ1986 ዓ.ም. ጽፏል። ብልህ ሰው! የኢትዮጵያ «ኢቲ» በ1988 ዓ.ም. ተመዘገበ፤ አገልግሎቱ ለሕዝብ የተከፈተው ግን በ1989 ዓ.ም. ነው። ስም ከመንገድ ቀደመ።

ስሙ ለእኛ መታሰቢያ ነው፤ ኮምፒውተር ኮምፒውተርን የሚፈልገው በቁጥር ነው። ስምና ቁጥር ቢኖሩም መንገድ ከሌለ ከንቱ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ከመዝገቡ የተፋቀ ስም አልነበረም። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የላክሁት መልእክት ግን አልደረሰም። ኋላ በወረቀት ገልብጬ ለመንገደኛ ሰጠሁት። ፖስታው ላይም «ከማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ» ብዬ ጻፍሁ። ደረሰ።