ዋቤ በመስከረም፦ ከግድብ በታች ያለ የወንዝ ታሪክ



ከጉራጌ ተራሮች የሚነሣው ዋቤ በወልቂጤ አጠገብ አልፎ ጊቤን ይቀላቀላል፤ የቸሃ ጅረቶችም ወደዚያው ይወርዳሉ። ጊቤ ወደ ደቡብ ሲዘልቅ ኦሞ ይባላል። በመስከረም እዚህ ዝናቡ ሲያባራና ዋቤ መጥራት ሲጀምር፣ ቁልቁል የኦሞ ዳርቻ ገና በሙላት ላይ ነበር።

ያ ሙላት ሲሸሽ ዳሰነቾችና ካሮዎች በረጠበው ደለል ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር። ከቱርካና ሐይቅ አንዳንድ የዓሣ ዝርያዎች ጎርፉን ተከትለው ለመራባት ወደ ወንዙ ይገባሉ። አጥማጁም ወቅቱን የሚያውቀው ከውኃው ቀለምና ከፍታ ነበር።

ጊቤ ሦስት በ2007 ዓ.ም. ውኃ መያዝ ጀመረ፤ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። የማመንጨት አቅሙ 1,870 ሜጋ ዋት ነው። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ግድቡ ወንዙን ያደረቀው ይመስላቸዋል። ነገሩ ሌላ ነው፤ ተርባይን ዓመቱን ሙሉ የተመጣጠነ ውኃ ስለሚፈልግ የክረምቱ ጎርፍ ተይዞ በበጋ ይለቀቃል። በጋው ውኃ አገኘ፤ መስከረም ሙላቱን አጣ።

ይህ አስቀድሞ ያልታየ ጉዳይ አልነበረም፤ በግንባታው ዕቅድ ውስጥ በየዓመቱ ሰው ሠራሽ ጎርፍ የመልቀቅ ሐሳብ ሰፍሮ ነበር። ችግሩ፣ ከተርባይኖቹ አቅም በላይ የሚለቀቅ ውኃ ሁሉ ያልመነጨ ኤሌክትሪክ መሆኑ ነው። በእኔ አስተያየት የግድቡን ታሪክ ስንጽፍ ልንመረምረው የሚገባው ይህ ነው፦ በየመስከረሙ የበሩ መከፈት ሲመዘን፣ የዓሣውና የማሽላው ዋጋ በማን መዝገብ ላይ ተጻፈ?