መዝሙር ሲሸጥ፦ ከካሴት ግልበጣ እስከ ሚሞሪ

መዝሙር በሚሞሪ መጫን አገልግሎት ነው ወይስ ሌብነት? ይህን የጠየቀኝ እዚሁ ገንዳ ውኃ ስልክ ቤት የከፈተ የድሮ ተማሪዬ ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል እንጂ ታሪክ አለው። እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ።

የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ በ1955 ከአዲስ አበባ ሥርጭት ጀመረ። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ጣቢያ ነበር፤ ድምፁ ከአገር ውጭም ይሰማ ነበር። በመጋቢት 1969 ደርግ ወረሰውና አብዮታዊ ሬዲዮ አደረገው። እነ ሙሉ ወንጌል ቀድሞም በጃንሆይ ጊዜ ፈቃድ ተከልክለው ነበር፣ በደርግ ደግሞ ጭራሽ ተዘጉ። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ በእምነቱ የተነሳ ሰባት ዓመት ያህል ታሰረ። እሱ እስር ቤት ነው፣ መዝሙሩ ግን በካሴት ከቤት ቤት ይዞራል። አንዱ ከጎረቤቱ ተውሶ ይገለብጣል፣ ከዚያ ደግሞ ሌላው ከሱ ይገለብጣል፤ አምስተኛው ቅጂ ላይ ድምፁ ሻክሮ ቃሉ በግምት ነው የሚሰማው። ስለ ዋጋ የሚያነሳ የለም። በዚያ ዘመን ካሴት መገልበጥ ድፍረት ነበር፤ ቢያዙ ያስቀጣል።

በኦርቶዶክሱም በኩል ቢሆን ዘመኑ ቀላል አልነበረም። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና ያስተምሩ የነበሩት ዓለሙ አጋ የትምህርቱ ክፍል በደርግ ጊዜ ተዘጋባቸው። (የሚገርመው ከዓመታት በኋላ በገናቸው ፈረንሳይ ታትሞ፣ "ኢትዮጲክስ" በሚባለው ተከታታይ 11ኛ ቅጽ ሆኖ ለፈረንጅ ተሸጠ።) ከ1983 በኋላ ግን በሩ ተከፈተ። የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙርና ስብከት በካሴት ሆኖ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይቸበቸብ ጀመር፣ በተለይ በንግሥ ቀን። ሁዳዴ ሲገባ ዘፋኝ አዲስ ካሴት አያወጣም፤ ሙዚቃ ቤቱ ራሱ በገና ይከፍታል። ገዢውም ብዙ ጊዜ ዋጋ አይከራከርም፣ ገቢው ለሕንፃ ማሠሪያ ነው ከተባለማ ጭራሽ።

እንግዲህ የዚህ ገበያ ጠባይ እዚህ ላይ ነው። ዘፋኝ ካሴቱ ቢገለበጥበት ሠርግ አለው፣ ናይት ክለብ አለው፣ የቢራ ማስታወቂያ አለው። ዘማሪ እነዚህን በሮች በራሱ እምነት ዘግቷቸዋል። የቀረው ካሴቱ ነው። እሱንም ብዙዎቹ በአንድ ጊዜ ክፍያ ለአሳታሚ ይሰጡት ነበር፤ ምንም ያህል ቢሸጥ ሌላ ሳንቲም የለም። አሜሪካ እንኳ መንገዱ ሌላ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1951 ቴክሳስ ውስጥ የተመሠረተው ወርድ የተባለው የመዝሙር ድርጅት በ1974 ኤቢሲ ለተባለው ትልቅ የሬዲዮና ቴሌቪዥን ኩባንያ ተሸጠ። እዚያ መዝሙር ንግድ መሆኑ ከተነገረ ቆየ፤ እኛ ጋ ግን ዘማሪ ስለ ገንዘብ ካነሳ "ዓለማዊ ሆነ" ይባላል።

የቅጂ መብት አዋጁ ቁጥር 410/1996 መጥቶ ዘማሪንም እንደ ማንኛውም ደራሲ ባለመብት አደረገው። ሕጉ ወጣ እንጂ ልማዱ አልተለወጠም። ካሴቱ ሲዲ ሆነ፣ ሲዲው ሚሞሪ ሆነ።

የኛ ቆላ ደግሞ ለሚሞሪ የተፈጠረ አገር ነው። ለሰሊጥ ሥራ ከደጋ የሚወርደው ሳሉግ መብራት የሌለበት እርሻ ላይ ነው የሚከርመው። አረሙ በነሐሴ ከፍልሰታ ጾም ጋር ይገጥማል፤ ያኔ የሚጫነው መዝሙር ነው። አጨዳ ላይ ዘፈኑም ይቀላቀላል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ወዲህ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥማ ዩቲዩብም ሥራ ፈታ፣ ሚሞሪ ብቻ ቀረ።

የኔ አስተያየት ይህ ነው። የደርግ ጊዜው ልጅ ሲገለብጥ የሚከፍለው ራሱ ነበር፣ በነፃነቱ። የዛሬው ጫኝ ይከፈለዋል፤ ከዚያች ብር ለዘማሪው የምትደርስ የለችም። ሁለቱን እኩል "አገልግሎት" ማለት አይሆንልኝም። ግን ደግሞ ልጁን ብቻ መውቀስ አልችልም፦ ሳሉጉ ገንዳ ውኃ ላይ ቆሞ ያንን መዝሙር በሕጋዊ መንገድ ልግዛ ቢል የት ይገዛል? ሲዲ የሚሸጥ ሱቅ የለም፣ ኔትወርኩም ለወራት ተቋርጦ ነበር። በሌላ በኩል ግን መዝሙሩን ሁላችን በቃላችን የምናውቅለት ዘማሪ ሲታመም ለሕክምናው የሚለመነው እዚሁ ፌስቡክ ላይ ነው፣ እኛም ሼር እናደርጋለን። የጫኝ ልጆች ከሚያገኙት ትንሽ ቀንሰው የሚልኩበት አንድ የቴሌብር ቁጥር በየመዝሙሩ ሽፋን ላይ ቢጻፍ ምን ይከብዳል?