የሣሩ ሜዳ እስኪከፈት

በየዓመቱ የሰኔ ወር ተገባዶ የአገራችን ክረምት ሲጀምር፣ በእንግሊዝ አገር ከሎንዶን ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ በምትገኘው በዊምብልደን የሣር ሜዳ ይከፈታል። ይህን ቀን በየአገሩ ያሉ የቴኒስ ጨዋታ ወዳጆች በጣት እየቆጠሩ ይጠብቁታል። ውድድሩ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ያልፋል፤ ጥበቃው ግን ዓመቱን ሙሉ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር የተነሣነው የባለዋንጫዎችን ስም ዝርዝር ሳይሆን ይህ ጥበቃ ከምን እንደ ተወለደና በምን ፈተና ውስጥ አልፎ እንደ ጸና ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በሣር ላይ የሚደረገው ቴኒስ የሁለት የእጅ ሥራዎች ልጅ ነው። አንደኛው ኤድዊን ባዲንግ የተባለ እንግሊዛዊ በ1830 ያወጣው የሣር ማጨጃ መኪና ነው። ከዚያ በፊት ሜዳ የሚስተካከለው በማጭድ ስለ ነበር እንደ ምንጣፍ የለሰለሰ ሣር በቀላሉ አይገኝም ነበር። ሁለተኛው በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በእሳትና በድኝ እየጠነከረ መሠራት የጀመረው ጎማ ነው። የጥንቱ ቴኒስ በአዳራሽ ውስጥ በጨርቅና በጠጉር በተሞላ ኳስ የሚደረግ ሲሆን፣ ያ ኳስ በሣር ላይ አይነጥርም ነበር፤ የጎማው ኳስ ግን ነጠረ። በ1874 ዋልተር ክሎፕተን ዊንግፊልድ የተባለ የጦር መኮንን ለአዲሱ ጨዋታ የባለቤትነት መብት አውጥቶ መረቡን፣ ራኬቱንና ኳሱን በአንድ ሳጥን እያደረገ መሸጥ ጀመረ። የእርሱ ሜዳ ግን ወገቡ ላይ የጠበበ ነበር።

የዊምብልደን ክበብ በ1868 ሲቋቋም የታሰበው ለቴኒስ አልነበረም። አባሎቹ የእንጨት ኳስ በመዶሻ እየመቱ በሽቦ ቅስት ውስጥ የሚያሳልፉበትን ክሮኬት የሚባለውን ጨዋታ ይጫወቱ ነበር፤ ቴኒስ የተጨመረው በ1875 ነው። በ1877 የመጀመሪያው ውድድር ሲታወጅ ምክንያቱ፣ በክበቡ ዘንድ እንደሚተረከው፣ ሜዳውን የሚደለድለውና በፈረስ የሚጎተተው ከባድ መዳመጫ ተሰብሮ ለማሠሪያ ገንዘብ በማስፈለጉ ነበር። ይሁን እንጂ ሄንሪ ጆንስና ሁለት ጓደኞቹ ለዚያ ውድድር የደነገጉት ሕግ ከመዳመጫው ይልቅ ዕድሜ አገኘ። ሜዳውን ባለ አራት ማዕዘን አድርገው ርዝመቱን 78 ጫማ፣ ወርዱን 27 ጫማ ወሰኑት፤ ለነጠላ ተጫዋቾች ይህ ልክ እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

በዚያ ዓመት የተመዘገቡት ተወዳዳሪዎች 22 ወንዶች ብቻ ነበሩ። ውድድሩም ሊፈጸም ጥቂት ሲቀረው፣ ኢተንና ሃሮው በተባሉት በሁለቱ ስመ ጥር ትምህርት ቤቶች መካከል ለሚደረገው የክሪኬት ግጥሚያ ቦታ ለመልቀቅ ተቋረጠ። ከዚያም ዝናብ መጣና የፍጻሜው ጨዋታ ከሐምሌ 16 ቀን ወደ 19 ቀን ተዛወረ። በመጨረሻ 200 ያህል ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ ሽልንግ ከፍለው ስፔንሰር ጎር ሲያሸንፍ ተመለከቱ። እንግዲህ ሰማይን እያዩ መጠበቅ ዊምብልደን ከተወለደበት ሳምንት ጀምሮ አብሮት የኖረ ነገር መሆኑን ልብ ይሏል።

ዳሩ ግን ለመጠበቅ እንኳ በር የተዘጋባቸው ብዙዎች ነበሩ። ሴቶች በነጠላ እንዲወዳደሩ የተፈቀደው በ1884 ሲሆን፣ ከ13ቱ ተወዳዳሪዎች ሞድ ዋትሰን የገዛ እኅቷን ሊሊያንን በፍጻሜው ድል አድርጋ የመጀመሪያዋ ባለድል ሆነች። ከሦስት ዓመት በኋላ ሎቲ ዶድ በ15 ዓመቷ አሸነፈች። አልቲያ ጊብሰን የተባለችው ጥቁር አሜሪካዊት ደግሞ፣ በኒው ዮርክ በሃርለም ሰፈር ያደገች ስትሆን፣ በቀለሟ ምክንያት እስከ 1950 ድረስ በገዛ አገሯ ብሔራዊ ውድድር እንኳ ለመግባት አልቻለችም ነበር። በ1957 በዊምብልደን አሸንፋ ሽልማቷን ከንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት እጅ ተቀበለች። በ1975 አርተር አሽ ጂሚ ኮነርስን ሲረታ፣ በወንዶች ነጠላ ይህን ዋንጫ ያነሣ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሆነ። በጨዋታ እንጀራቸውን የሚያገኙ ሰዎች የተፈቀደላቸው በ1968 ነው፤ በዚያ ዓመት ለወንዱ ባለድል 2,000 ፓውንድ ሲሰጥ ለሴቲቱ የተሰጣት 750 ብቻ ነበር። ሽልማቱ እኩል እስኪሆን እስከ 2007 ድረስ 39 ዓመት ተጠበቀ። ስለዚህ የሜዳው ታሪክ የድል ብቻ ሳይሆን በደጅ የቆሙ ሰዎች ታሪክም ነው።

ጥበቃው ከሁሉ ይልቅ የተፈተነው በጦርነት ዘመን ነው። ክበቡ በ1922 ዛሬ ወዳለበት ስፍራ ተዛውሮ አዲሱን ሜዳ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ መርቀው ከከፈቱት በኋላ አሥራ ስምንት ዓመት እንደ ሞላ፣ በጥቅምት 1940 የጀርመን ቦምብ በዋናው ሜዳ ላይ ወድቆ 1,200 መቀመጫዎችን አጠፋ። በግቢው ውስጥ ወታደሮች ሰፈሩ፤ አሳማና ዶሮ ይረባበት ጀመር። ከ1940 እስከ 1945 ድረስ ውድድር አልነበረም። በ1946 ሲከፈት ሕዝቡ ወደ ሜዳው የመጣው የጦርነቱ ቁስል ገና ሳይሽር ነበር። ከዚያ ወዲህ ውድድሩ የታጎለው አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም የኮሮና ወረርሽኝ በተነሣበት በ2020 ነው።

አሁን ወደ ሣሩ እንመለስ። ከአራቱ ታላላቅ የቴኒስ ውድድሮች ሦስቱ በሣር ላይ ይደረጉ ነበር፤ አሜሪካ በ1975፣ አውስትራልያ በ1988 ሣርን ስለ ተዉ ዊምብልደን ብቻውን ቀረ። ሣር ሕይወት ያለው ነገር ነውና እንደ ሲሚንቶ አንድ ጊዜ ሠርተው አይተዉትም። ውድድሩ እንዳበቃ የሜዳው ገጽ ተፍቆ እንደ ገና ዘር ይዘራበታል፤ ለጨዋታ ሲደርስም ቁመቱ 8 ሚሊሜትር ሆኖ ይታጨዳል። በመጀመሪያው ቀን አረንጓዴና የሚያንሸራትት የሆነው ሜዳ በሁለተኛው ሳምንት ተረግጦ አፈሩ ይገለጣል። በድሮ ዘመን ተጫዋቾች ኳስ ለግተው ወደ መረቡ ይሮጡ ስለ ነበር ሣሩ እስከ መረቡ ድረስ ይገረፍ ነበር፤ ዛሬ ግን ብዙውን ጊዜ ከኋላ መስመር ላይ ቆመው ስለሚጫወቱ የሚራቆተው እርሱ ነው። ስለዚህ ሜዳውን ያየ ሰው የጨዋታውን ጠባይ ከእግር ዱካ ያነባል።

ልማዱን መጠበቅ ማለት ግን አንዳች ነገር አለመለወጥ ማለት አይደለም። ነጩ ኳስ በ1986 በብጫ ተተካ፤ ዋናው ሜዳ በ2009 የሚከፈትና የሚዘጋ ጣራ ተሠራለት፤ በ2025 የመስመር ዳኞች ቀርተው ሥራቸው ለኤሌክትሪክ መሣሪያ ተሰጠ። የተጫዋቾች ነጭ ልብስና ሣሩ ግን አልተነኩም። በእኛ አስተያየት ጣራው ማንንም አልጎዳም፤ ዳኞቹ በመሄዳቸው ግን ሜዳው እውነትን ቢያገኝም የሰው ድምፅ ጎድሎበታል። ልማድ ጠባቂ የሚያስቸግረውም ይኸው ነው፤ የቱ ገለባ የቱ ፍሬ እንደሆነ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ከተጣለ በኋላ ነው።

ከልማዶቹ ሁሉ የሕዝቡ የሆነው ግን ሰልፉ ነው። ከ1924 ጀምሮ ለዋናው ሜዳ ትኬት በዕጣ ይደለደላል፤ ዕጣ ያልደረሰው ደግሞ በአቅራቢያው ባለው መናፈሻ ድንኳን ተክሎ፣ ሌሊቱን አድሮ ተራውን ይጠብቃል። በእኛ አገር በገና ጨዋታ ጊዜ ሎሌ ጌታውን ቢቀልድበት ጌታው አይቀየመውም፤ ዊምብልደን ለንጉሣውያኑ የተለየ ሰገነት ያላት ስትሆን እንደዚያ ያለ ነፃነት ፈቅዳ አታውቅም። በሰልፉ ውስጥ ግን ማዕረግ አይጠየቅም፤ የቀደመ ይገባል። በ2001 ጎራን ኢቫኒሼቪች፣ አስቀድሞ ሦስት ጊዜ በፍጻሜው ተሸንፎ የነበረው ክሮአሻዊ፣ በልዩ ፈቃድ ገብቶ ለፍጻሜ ሲደርስ ዝናብ ጨዋታውን ወደ ሰኞ አሻገረው። በዚያን ጊዜ 10,000 ትኬት በዕለቱ ለተሰለፈው ሕዝብ ተሸጠ፤ እርሱም በአምስተኛው ዙር 9 ለ 7 አሸንፎ የልቡን አገኘ። ዝናብ ባይዘንብ ኖሮ ከእነዚያ ሰዎች የሚበዙት ያን ቀን በዓይናቸው ባላዩ ነበር።

እንግዲህ የጨዋታ ወዳጅ ምን ይጠብቃል ብለን ብንጠይቅ መልሱ ድል ብቻ አይሆንም። ዘሪ በመስከረም የሚያበቅለውን እንደማያውቅ ሁሉ፣ የዊምብልደን ወዳጅም ማን እንደሚያሸንፍ ወይም ሰማዩ እንደሚከፈት አያውቅም። የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ባለፈው ዓመት የተረገጠውን ሜዳ በክረምቱ ብርድ ማንም ሳያያቸው የሚያለሙ እጆች እንዳሉ ነው። ተስፋው የሚቆመው በእነርሱ ድካም ላይ ነው።