የባቱ ዳር እንግዶች

ስሙኝማ ወገኖቼ! ባሕር የለንም ብላችሁ የባሕር ወፍ የሚቀርባችሁ እንዳይመስላችሁ። ከአዳማ ማልዳችሁ ተነሱ። ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ታጠፉ፣ ቆቃን ተሻገሩ፣ ዓለም ጤናን እለፉ፣ መቂ ላይ ሻይ ጠጡ፤ ፀሐይ ሳትበረታ ባቱ ናችሁ። ባጃጅ ይዛችሁ በቀጥታ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ዳር፣ ጀልባዎቹ ዓሣ ወደሚያወርዱበት ሂዱ። ወሩ ኅዳር ከሆነ፣ ከሩሲያ ሰሜን ጫፍ፣ ዛፍ ከማይበቅልበት ምድር የመጣ ወፍ ከባቱ ልጆች እግር ሥር የዓሣ ሆድቃ ሲሻማ ታያላችሁ።

መንገዱን ልንገራችሁ። ስምጥ ሸለቆ ለኛ የሽንኩርትና የቲማቲም አገር ነው፤ ለወፍ ግን ጎዳና ነው። ከዮርዳኖስ ሸለቆ ይነሣል፣ ቀይ ባሕርን ይይዛል፣ በአፋር ይገባል፣ አዋሽን ሽቅብ ተከትሎ በሰቃን አልፎ ቆቃ ላይ ያወጣል። ቆቃ እንደምታውቁት እግዜር የሠራው ሐይቅ አይደለም። በ1960 እ.ኤ.አ. ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ አዋሽ ተገድቦ የተገኘ ውሃ ነው። መብራት ያመነጫል ተብሎ ተሠራ፣ አመነጨም፤ አባቶቻችን በደማቸው ያስከፈሉት ካሣ ግን የወፍ ማረፊያም ይሆናል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ሁሉም አንድ ላይ አይመጡም። ነሐሴ ሳያልቅ እግረ ረጃጅሞቹ ጭቃ ለቃሚዎች ይቀድማሉ። መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ለኢሬቻ በሰው ሲጥለቀለቅ፣ ክንፈ ነጫጮቹ ትንንሽ የባሕር ወፎች ዝዋይ ላይ ትንኝ እያሳደዱ ዝቅ ከፍ ይላሉ። የመስከረም ወፍ የምትሉት ቀይ ለባሽ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ከየትም አልመጣም፤ ክረምቱ ሲገባ ልብስ የቀየረ የሰፈራችን ልጅ ነው። እውነተኞቹ መንገደኞች ጭቃ ለቃሚዎቹና ክንፈ ነጫጮቹ ናቸው። ትልልቆቹ የባሕር ወፎች ከሁሉ ኋላ፣ የሰሜኑ ውሃ ሲረጋ፣ ቀስ ብለው ይደርሳሉ።

እስቲ አሁን ዳሩ ላይ ቁሙ። ጀልባው መረቡን ይዞ ደርሷል። ቆሮሶው ተለይቶ ይቆጠራል፣ አምባዛው ለብቻው ይጣላል። ልጆቹ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው በስለታም ቢላ ቅርፊቱን ይገፋሉ፣ ፊሌቶውን ያወጣሉ፣ ሆድቃውንና አከርካሪውን ወደ ውሃው ይወረውራሉ። አባ ኮዳ ራሰ በራው፣ እንደ ዕቁብ ዳኛ ኮስተር ብሎ፣ ድርሻው እስኪደርስ ይጠብቃል። የባሕር ወፎቹ ግን መጠበቅ አያውቁም። ገና አየር ላይ እያለ ይቀልቡታል።

ለይታችሁ እዩአቸው፤ አንድ ዓይነት አይደሉም። ግራጫ ራስ፣ ቀይ መንቁርና ቀይ እግር ያለው የኛው ነው፤ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ይኖራል። ጀርባው እንደ ጥቀርሻ የጠቆረው፣ እግሩ ቢጫው የሰሜን ሰው ነው፤ ዘመዶቹ ፊንላንድ ተፈልፍለው እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ ይወርዳሉ። ከሁሉም የሚገዝፈው፣ ቢጫ መንቁሩ ጫፉ ላይ በጥቁርና በቀይ የተቀለመው፣ ከካስፒያን ባሕርና ከመካከለኛው እስያ ሐይቆች የመጣ ነው። ኅዳር ላይ ራሱ ነጭ ነው፣ ዓይኑ አካባቢ ብቻ ጠቆር ይላል። ጥርና የካቲት ላይ ግን ጥቁር ቆብ ያጠልቃል። ያኔ ለመሄድ እየተዘጋጀ ነው፤ የሙሽራ ልብሱን እኛ ዘንድ ለብሶ፣ ሠርጉን እዚያ ይደግሳል። እኔ በበኩሌ የካቲትን እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ፔሊካኑ ልግባ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የወፍ ተመራማሪው ሌስሊ ብራውንና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ኤሚል ኧርባን ሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ የሚፈለፈሉትን ነጫጭ ፔሊካኖች ሲያጠኑ ቆይተው በ1969 ጽሑፋቸውን አሳተሙ። ሻላ ጥልቅ ነው፣ ከ250 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ለፔሊካን የሚበቃ ዓሣ ግን የለውም። ፔሊካኖቹ ታዲያ ምን ያደርጉ ነበር? ጧት መሬቱ ሞቆ አየሩ ሽቅብ እስኪነሣ ይጠብቃሉ፣ ከባድ ናቸዋ! ከዚያ በነፋሱ ላይ ተንሳፍፈው ጋራውን ይሻገሩና ጎረቤት አቢጃታ ላይ ዓሣ ይበላሉ፤ ለጫጩቶቻቸውም ይዘው ይመለሳሉ። መኝታ ሻላ፣ ማዕድ አቢጃታ።

አቢጃታ የሚኖረው ዝዋይ በሚልክለት ውሃ ነው፤ ቡልቡላ ወንዝ ያመጣለታል። መውጫ የለውም፤ ፀሐይ ውሃውን ትጠጣለች፣ ሶዳው ይቀራል። ከላይ በየማሳው የመስኖ ሞተር ሲበዛ፣ ከታች የሶዳ አሽ ፋብሪካው ውሃውን ወደ ማትነኛ ገንዳው ሲስብ፣ ሐይቁ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ግማሽ ያህል ስፋቱን አጣ። ጨዉ በረታ፣ ዓሣው አለቀ። የአቢጃታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ መጀመሪያ የተከለለው ለእነዚሁ ወፎች ሲባል መሆኑን ስታስቡት ያስቃል፣ ያውም በምሬት። ፍላሚንጎ አልከፋውም፤ እሱ ዓሣ አይሻም፣ በጨዋማ ውሃ የሚበቅለውን ረቂቅ ለምለም ያጣራል። ፔሊካን ግን ማዕዱን ሲያጣ መንገዱን አስረዘመ፤ ዛሬ የሚበላው ዝዋይ ድረስ መጥቶ ነው። ከሻላ ባቱ አርባ ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ መመለሻም አለ።

እናም ባቱ ዳር የምታዩት ፔሊካን ሁሉ ሥራ ፈት አይምሰላችሁ። አንዱ ጫጩት ያለው አባት ይሆናል። ከነፋስ ጋር ተሟግቶ ደርሶ፣ ከልጆቹ እግር ሥር የወደቀውን አከርካሪ በከረጢቱ ዝቆ ገና ሳይውጠው፣ ያ ከካስፒያን የመጣው ባለ ቢጫ መንቁር ከላይ ተወርውሮ ይመነትፈዋል! አይቼ ተናድጄ፣ አጠገቤ መረብ የሚያስተካክለውን ጎረምሳ «አሁን ይሄ ግፍ አይደለም?» ብለው፣ ቀና ብሎም አላየኝ።

«ጋሼ፣ ሁለቱም ትናንት መረቤን ቀደውብኛል» አለኝ።